ኤልክ አደን ላይ ውሃ እንዳያልቅባችሁ፦ ከቤት ዝግጅት እስከ ሥጋ ማውጣት

ኮሎራዶ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን የሚወጣ ሰው ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ቀስቱና ስለ ጫማው ብዙ ይጨነቃል። ስለ ውሃ ግን «መቼም ጅረት አይጠፋም» ብሎ ይነሳል። ችግሩ የሚመጣው እንስሳው ከወደቀ በኋላ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ውሏል። ኮዳው ባዶ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ፊቱ ደግሞ 100 ኪሎ አካባቢ የተጣራ ሥጋ የሚወጣው ኮርማ ተጋድሟል። መኪናው ከተራራው ማዶ ነው።

የአደኑ ጉዞ ራሱ ያን ያህል ውሃ አይጨርስም። ቀስ ተብሎ ይኬዳል፣ ተቀምጦ ይጠበቃል። ውሃ የሚጨርሰው ሥጋውን ተሸክሞ ማውጣቱ ነው። እሱ ደግሞ የሚጀምረው ሰው በደከመበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ አቋሜ የጸና ነው። ሥጋው በሚወጣበት ጊዜ የምትጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ አትተኩሱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ የሚያደርስ ዝግጅት ነው።

1. ላባችሁን አስቀድማችሁ ለኩ

ሰው ሁሉ እኩል አያልበውም። አንዱን በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ሌላውን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ያልበዋል። ስለዚህ «በቀን ይህን ያህል ሊትር ጠጡ» የሚለው ምክር ለሁሉም አይሠራም። የራሳችሁን ልክ ማወቅ ግን ቀላል ነው። የቤት ሚዛንና አንድ ዳገት ይበቃል።

ኦገስት ላይ የአደን ቦርሳችሁን 20 ኪሎ ያህል ጭናችሁ ተራራ ውጡ። ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ላላችሁ ሌክዉድ ያለው ግሪን ማውንቴን ወይም ሞሪሰን አጠገብ ያለው ማውንት ፋልከን ጥሩ መሞከሪያ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሽንታችሁን ሸንታችሁ፣ ልብሳችሁን አውልቃችሁ ተመዘኑ። ስትመለሱ ላባችሁን በፎጣ አድርቃችሁ እንደገና ተመዘኑ። መንገድ ላይ የጠጣችሁትን መዝግቡ።

የቀነሰው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ማለት ነው። ስትወጡ 80 ኪሎ፣ ስትመለሱ 79.2 ኪሎ ሆናችሁ እንበል። በመሃል ግማሽ ሊትር ጠጥታችኋል። ስለዚህ ከሰውነታችሁ የወጣው 1.3 ሊትር ነው። ይህ በአንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ በሰዓት ወደ 0.9 ሊትር ይጠጋል።

የወጣውን ሁሉ እዚያው መተካት ግዴታ አይደለም። ሆድም አይችለውም። ሁለት ሦስተኛውን ያህል እየጠጣችሁ ከሄዳችሁ የቀረው ማታ ከእራት ጋር ይሞላል። ዋናው ነገር ከሰውነት ክብደታችሁ ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጎድል ነው። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.6 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ጉልበት ይከዳል። ሐሳብም ይበተናል። ቢላ የያዘ፣ በጨለማ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ደግሞ ሐሳቡ ሊበተንበት አይገባም።

2. ለከፍታው ጊዜ ስጡ

ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ነው። ኤልክ የሚታደንበት ደን በአብዛኛው ከ2,500 እስከ 3,500 ሜትር ነው። እዚያ አየሩ ደረቅ ነው። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽም ውሃ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ሽንት ይበዛል። ላቡ ቶሎ ስለሚተን ሸሚዙ ደረቅ ይሆናል፣ ያላባችሁም አይመስላችሁም። ብርዱ ሲጨመርበት ጭራሽ ጥማቱም ይደበዝዛል። ለዚህ ነው «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» ማለት እዚያ ላይ ብቻውን የማያስተማምነው።

«እኔ አዲስ አበባ ያደግሁ ነኝ፣ ከፍታ ምንም አያደርገኝም» የሚል ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ በእርግጥ ከዴንቨር ትበልጣለች፤ 2,300 ሜትርን ታልፋለች። ግን ያ መላመድ ዝቅተኛ ቦታ ሲኖሩ ይለቃል። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ለዓመታት ኖሮ ለአደን የመጣ ሰው ከዜሮ ነው የሚጀምረው። አንድ ሁለት ሌሊት ዴንቨር እደሩ። ከዚያ 2,500 ሜትር አካባቢ ሌላ ሌሊት አሳልፉ። ከባዱን ዳገት ከዚያ በኋላ ጀምሩ።

3. ውሃውን ካርታ ላይ ፈልጉት

በአሜሪካ የመሬት አቀማመጥ ካርታዎች ላይ ያልተቋረጠ ሰማያዊ መስመር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውሃ ነው። የተቆራረጠው መስመር ደግሞ በየወቅቱ የሚደርቅ ነው። ሴፕቴምበር ላይ የተቆራረጠው መስመር በአብዛኛው ደረቅ ድንጋይ ነው። እንደሌለ ቁጠሩት። በረዶ ያልበዛበት ክረምት ካለፈ ያልተቋረጠውንም ቢሆን አትመኑት።

ስለዚህ ለምታድኑበት ሸለቆ ሁሉ ቢያንስ ሁለት የውሃ ቦታ ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። ካርታውን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አውርዱት። የአካባቢውን የደን አስተዳደር ቢሮ ደውላችሁ «የትኛው ምንጭ አሁን ይፈሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሠራተኞቹ ሥራ ነው፣ ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል።

ቦታው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቀን የውሃ ቀን ይሁን። ጎህ ሲቀድ አድናችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ እንስሳው ሲተኛ እናንተ ምልክት ያደረጋችሁበትን ውሃ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ውሃ ካለ «አለ»፣ ከሌለ «የለም» ብላችሁ ካርታው ላይ ጻፉ። ይህ ኋላ ላይ የሚያድናችሁ ሥራ ነው።

አንድ ነገር በጣም ልብ በሉ። ኮሎራዶ የድሮ ማዕድን ጉድጓድ የሞላባት አገር ናት። ኦገስት 5 ቀን 2015 ከጎልድ ኪንግ ማዕድን 3 ሚሊዮን ጋሎን የሚጠጋ የተበከለ ውሃ ወጥቶ አኒማስ ወንዝን ብርቱካን አልብሶት ነበር። ያ ማዕድን ባለበት በደቡብ ምዕራብ ኮሎራዶ፣ ሳን ህዋን ተራሮች ውስጥ፣ በትንሹ እንዲህ የሚያፈስ ሌላም ጉድጓድ አለ። ድንጋዩ ብርቱካናማ ዝገት የለበሰ ጅረት ካያችሁ፣ ከላይ በኩልም የማዕድን ፍርስራሽ ካለ፣ አትቅዱ። ማጣሪያም ሆነ ማፍላት ብረታ ብረት አያወጣም።

4. የምትይዙት ዕቃ

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ሁሉን ተሸክሞ መውጣት አይቻልም። ለቀኑ አደን በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይበቃል። ባለ ቱቦ የውሃ ከረጢት 2 ሊትር፣ አፈ ሰፊ ጠንካራ ኮዳ ደግሞ 1 ሊትር። ሁለቱን የምለው በምክንያት ነው። ከረጢት ይቀደዳል፣ ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል። ኮዳው መጠባበቂያችሁ ነው። በተጨማሪ የሚታጠፍ ባዶ ላስቲክ ያዙ። ክብደት የለውም፣ ግን ውሃ ስታገኙ ብዙ ትቀዳላችሁ።

መኪና ውስጥ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ይቀመጥ። እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሌሊት ሲበርድ ይሰነጠቃል። ሌላው በጣም የምወደው ዘዴ ይህ ነው። ከቤት ስትነሱ በታጠበ የፕላስቲክ ጋሎን ውሃ በረዶ አድርጉና ማቀዝቀዣ ሣጥኑ ውስጥ ጨምሩ። በረዶው ሥጋውን ያቀዘቅዝላችኋል። ሲቀልጥ ደግሞ ክዳኑ እስካልተከፈተ ድረስ ንጹህ የመጠጥ ውሃ ነው። አፉን ከመክፈታችሁ በፊት ውጪውን እጠቡት፣ ደም ነክቶት ሊሆን ይችላል።

5. የቀዳችሁትን ውሃ አክሙ

ንጹህ የሚመስለው የተራራ ውሃ ጃርዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ጅረት የሚገድበው ቢቨር የሚባል እንስሳ አለ፣ ኤልኩ ራሱ አለ። ብዙ ቦታ ደግሞ እስከ መጸው ድረስ ከብት ይሰማራል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም (ባጭሩ ክሪፕቶ) የሚባለው ሌላ ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ ከዚያ ይመጣል። በሽታው በዚያው ቀን ላይይዛችሁ ይችላል፤ ጃርዲያ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚነሳው። ሆኖም ረዥም አደን ላይ ካላችሁ ተቅማጥ ማለት የያዛችሁትን ውሃ ሁሉ ማጣት ነው።

አብዛኛው አዳኝ የሚይዘው በእጅ የሚጨመቅ ትንሽ ማጣሪያ ነው። ጃርዲያንም ክሪፕቶንም ያስቀራል። ደካማ ጎኑ በረዶ ነው። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዴ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ውሃ ይዘው ይቀራሉ። ያ ውሃ በረዶ ከሆነ ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ። ስንጥቁ ደግሞ በዓይን አይታይም። ውሃው እንደ ድሮው ይወርዳል፣ እናንተም ያጣራችሁ ይመስላችኋል። ስለዚህ ቀን ከሸሚዛችሁ ሥር፣ ሌሊት በዚፕ ላስቲክ አድርጋችሁ የመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ አኑሩት። ምናልባት በረዶ መትቶታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ጣሉት።

መጠባበቂያ ክኒን ያዙ፣ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን። ጃርዲያን በ30 ደቂቃ፣ ክሪፕቶን በ4 ሰዓት ይገድላል። አገር ቤት በምናውቀው እንደ ውሃ አጋር ባለው ተራ ክሎሪን ክሪፕቶ አይሞትም፤ አዮዲንም አይገድለውም። እሽጉ ላይ ስሙን አንብባችሁ ግዙ።

ተሕዋስ ለመግደል ማፍላት ሁልጊዜ ይሠራል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ 3 ደቂቃ አቆዩት። 3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጊዜው የሚረዝመው ለዚህ ነው።

ኤልክ የተንከባለለበት ጭቃማ ኩሬ ብቻ ካገኛችሁስ? ሌላ ምርጫ ከሌለ ይሆናል። በላስቲኩ ቀድታችሁ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፣ ጭቃው ይዘቅጣል። የላይኛውን በነጠላ ጨርቅ አጥልላችሁ አጣሩ። ጨርቁን ካልተጠቀማችሁ ማጣሪያው በሁለት ኮዳ ይዘጋባችኋል። ጣዕሙ አይወራም፣ ግን ያደርሳል።

6. ውሃ ብቻውን አይበቃም

ላብ ጨው ይዞ ነው የሚወጣው። በሊትር በአማካይ 1 ግራም የሚጠጋ ሶዲየም አለበት፣ ከሰው ሰው ይለያያል። ኮፍያችሁ ላይ ነጭ ቀለበት የሚሠራ ከሆነ የእናንተ ላብ ጨዋማ ነው። ሰዓታት ሙሉ ሲያልባችሁ ቆይቶ ንጹህ ውሃ ብቻ ብትጋቱ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። ይህ ራሱን የቻለ አደጋ ነው፣ ከታች እመለስበታለሁ።

ሱቅ የሚሸጠው የኤሌክትሮላይት ዱቄት (በላብ የወጣውን ጨው የሚተካው) ጥሩ ነው። ግን የግድ አይደለም። አገር ቤት ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በተመሳሳይ መርህ ነው የሚሠራው። በቤት ሲዘጋጅ ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ከቤት መዝናችሁ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥሩት። ሎሚ ጠብ ስታደርጉበት መጠጡ ይጥማል። ከሁለት ኮዳ ውሃ አንዱን እንዲህ አድርጉት፣ ሌላው ንጹህ ውሃ ይሁን። የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

እኔ ግን ከሁሉም የማስቀድመው በሶን ነው። ለመንገደኛ የተፈጠረ ምግብ ነው፣ እዚህ ተራራ ላይም ቦታው ትክክለኛ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ግማሽ ሊትር ውሃ። ኮዳውን ዘግቶ መናጥ ነው። ፈሳሽ፣ ጨውና ጉልበት በአንድ ጊዜ ይገባል፣ ከንፁህ ውሃም በተሻለ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ደክሞት ጠንካራ ምግብ እምቢ ያለው ሰው እንኳ በሶ አይከለክለውም። የተበጠበጠበትን ኮዳ ግን ወዲያው እጠቡት፣ ከደረቀ ይጣበቃል። ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ በፍጹም አትጨምሩት፣ ቱቦው ይዘጋል። ሌሊትም በሶው፣ ማሩና ጣፋጭ ዱቄቱ ከምግቡ ጋር ይሰቀል። ጥቁር ድብ አለ።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይሁን። ጨው ያለው ነገር ስትቆረጥሙ ውሃውም ይጠጣል። ቡና ክልክል አይደለም። አንድ ሁለት ሲኒ ከፈሳሽ ይቆጠራል እንጂ አያደርቅም። ቢራው ግን ሥጋው ማቀዝቀዣ እስኪገባ ይቆይ።

ረቡዕና ዓርብ ውሃ ሳይቀምስ የሚውል አዳኝ ካለ፣ ከጉዞው በፊት የንስሐ አባቱን ያነጋግር። 25 ኪሎ ተሸክሞ በደረቅ ሆድ ዳገት መውጣት አደጋ ነው።

7. ከመተኮሳችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ኮርማው 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢወድቅ፣ እናንተ ሁለት ብትሆኑ፣ የተጣራው ሥጋ 100 ኪሎ ቢሆን፣ አንድ ሸክም 25 ኪሎ ቢሆን፣ አራት ሸክም ይወጣዋል። ለአንድ ሰው ሁለት ምልልስ ማለት ነው። ተጭናችሁ 5 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ባዶ 5 ትመለሳላችሁ፣ ደግሞ ተጭናችሁ 5። ድምሩ 15 ኪሎ ሜትር ነው። በወደቀ ግንድና በድንጋይ መካከል በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ብትሄዱ 6 ሰዓት ይፈጃል። በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ብትጠጡ፣ ለአንድ ሰው ከ3 እስከ 4.5 ሊትር። ብልት የምታወጡበት ሰዓት ገና አልተቆጠረም። የኤልክ ታፋ ከነአጥንቱ ብቻውን ከ25 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አጥንቱን እዚያው አውጥታችሁ መተው ክብደትም ውሃም ይቆጥባል። ሥጋውን ግን ጥሎ መሄድ በሕግም ያስጠይቃል።

ይህን ሒሳብ ከመተኮሳችሁ በፊት በልባችሁ ሥሩት። ቦርሳችሁ ውስጥ ስንት ሊትር አለ? ከዚህ ወደ መኪናው በሚወስደው መንገድ ላይ ያያችሁት ውሃ የት ነው? ስንት ሰዓት ቀርቷል? መልሱ ካላማረ እንስሳው ይለፍ። ጠዋት ሌላ ይመጣል።

በቀኑ አደን ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሊትር የማይነካ ይኑራችሁ። ቢጠማችሁም ሄዳችሁ ቅዱ እንጂ እሱን አትክፈቱ። የብልት ማውጫው ውሃ ነው።

8. ሥጋውን ስታወጡ

እንስሳው ወደቀ። ደስታው ልብ ያስመታል፣ ሰው ወዲያው ቢላ ይመዛል። ቆዩ። ቁጭ በሉ፣ ግማሽ ሊትር ጠጡ፣ አንድ ነገር ብሉ። አሥር ደቂቃ ሥጋውን አያበላሽም።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ቆዳውን ገፍፋችሁ ብልቱን አውጡ። ታፋውንና ወርቹን አየር በሚያስገባ የሥጋ ከረጢት ጥላ ውስጥ ስቀሉ፣ ከሆድ ዕቃው ራቅ አድርጋችሁ። ሥጋው ቆዳው ወልቆ፣ ነፋስ እያገኘ፣ ማቀዝቀዝ ከጀመረ የምትሯሯጡበት ምክንያት የለም። አሁን ውሃ ሂዱና ቅዱ። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። የመጀመሪያውን ሸክም ጭኖ «ስደርስ እጠጣለሁ» ብሎ ይነሳል። ከመንገዱ ግማሽ ላይ እግሩ ይንቀጠቀጣል።

ብልት ስታወጡ እጃችሁ በደምና በስብ ይለበጣል። በዚያ እጅ የቱቦውን አፍ ይዛችሁ ወደ አፋችሁ አታስገቡ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቱቦውን ሸፍኑት። ስትጠጡ እጃችሁን በእጅ ማጽጃ አሹ፣ ወይም ጓደኛችሁ ንጹህ እጅ ካለው ኮዳውን እሱ ያጠጣችሁ። ሥጋውን ቦርሳ ላይ ስትጭኑም የውሃው ከረጢት ከሥጋው በታች እንዳይሆን፣ ደም ይንጠባጠብበታል፣ ክብደቱም ያፈነዳዋል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ውሃው ሸክሙን ሳታወርዱ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። 25 ወይም 30 ኪሎ የተሸከመ ሰው ለአንድ ጉንጭ ውሃ ብሎ ቦርሳውን አያወርድም። ማውረዱ ቀላል ነው፣ መልሶ መሸከሙ ነው ወገብ የሚቆርጠው። ስለዚህ ኮዳው ቦርሳው ውስጥ ከሆነ አይጠጣም፤ በቃ። ቱቦውን በደረት ማሰሪያው ላይ አያይዙት። ወይም ትንሽ ኮዳ በትከሻ ማሰሪያው ላይ እሰሩ። ስታርፉ ወገብ የሚደርስ ግንድ ወይም ድንጋይ ፈልጋችሁ ሸክሙን እሱ ላይ አሳርፉት፣ እንደተሸከማችሁ ጠጡ።

በ15 ወይም በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ጉንጭ ይበቃል። የሰዓታችሁን ደወል ሙሉት፤ የደከመ ሰው ሰዓት አያስታውስም። በአንድ ጊዜ አንድ ሊትር መጋት ሆድ ይነፋል እንጂ ቶሎ አያረካም።

የመጀመሪያውን ሸክም መኪና ስታደርሱ ሥጋውን ማቀዝቀዣው ውስጥ አስገቡ። ከጀሪካኑ ግማሽ ሊትር ያህል ከጨው ጋር ጠጡ፣ ብሉ፣ ሁሉንም ኮዳ ሙሉ። ባዶ ስትመለሱ ትርፍ አንድ ሊትር ይዛችሁ ሂዱና መንገዱ ግማሽ ላይ ዛፍ ሥር አስቀምጡት። ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡ፣ ደማቅ ሪባን እሰሩበት። ሁለተኛውን ሸክም ይዛችሁ ስትመጡ እዚያ ይጠብቃችኋል፣ እስከ ሥጋው ድረስ ተሸክማችሁ አልወሰዳችሁትም። ሪባኑንም ኮዳውንም ሰብስባችሁ ውረዱ።

ከመሸ፣ ከደከማችሁ፣ ሥጋውም ጥላ ውስጥ በብርድ ከተሰቀለ፣ የቀረውን ለጠዋት መተው ነውር የለውም። ሴፕቴምበር ላይ ሌሊቱ ሞቃት ከሆነ ብቻ ነው ጊዜ የሚያጥረው። እንዲህ ዓይነት ወቅት ላይ ብቻችሁን ከሆናችሁ ከመኪና ርቃችሁ አትተኩሱ።

9. በረዶ ሲመጣ

ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ሌላ ጨዋታ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በደቂቃዎች በረዶ ይሆናል። በጠጣችሁ ቁጥር አየር መልሳችሁ ንፉበት፣ ውሃው ወደ ከረጢቱ ይመለሳል። ኮዳውን ዘቅዝቃችሁ ያዙት። በረዶ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ በረዶ የሚይዘው ቂጡን ነው፣ አፉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ማታ የፈላ ውሃ በጠንካራ ኮዳ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ብታስገቡት እግር ያሞቃል፣ ጠዋት ደግሞ ያልበረደ ውሃ ይሆናል።

በረዶ አትብሉ። ለማቅለጥ የሰውነታችሁን ሙቀት ይወስዳል፣ የሚሰጠው ውሃ ደግሞ ትንሽ ነው። በምድጃ አቅልጡት። ድስቱ ሥር መጀመሪያ ትንሽ ውሃ አድርጉ፣ አለዚያ ያራል። አዲስ የወረደ ስስ በረዶ አሥር ኮዳ ቢቀልጥ አንድ ኮዳ ያህል ውሃ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ለዚህ የሚሆን ጋዝ ጨምራችሁ ያዙ።

ብርድ ሲሆን ሰው ሌሊት ለሽንት ላለመውጣት ብሎ ውሃ ይተዋል። አይሆንም። ቀን ላይ በዛ አድርጉና ከእራት ጋር ትኩስ ጨው ያለው ሾርባ ጠጡ።

10. ምልክቶቹን ለዩ

ደረቅ አፍ፣ ራስ ምታት፣ ጠቆር ያለ ትንሽ ሽንት፣ ያለ ምክንያት መናደድ፣ የፈሳሽ እጥረት ነው። አርፉ፣ ጨው ያለው ነገር ጠጡ፣ ጥላ ፈልጉ።

ብዙ ሲጠጣ የዋለ ሰው፣ ሽንቱ እንደ ውሃ ነጭ ሆኖ፣ ጣቶቹ አብጠው፣ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ከያዘው ግን የሶዲየም መውረድ ሊሆን ይችላል። ተጨማሪ ውሃ ያባብሰዋል። ውሃውን አቁሙ፣ ጨዋማ ነገር ስጡት። መደናገር፣ መንገዳገድ፣ ማስታወክ ከጀመረ ግን የከፍታ በሽታም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ይገድላሉ። ሥጋውን ተዉት፣ ሰውየውን ይዛችሁ ውረዱ፣ 911 ደውሉ። ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት የሚሠራ መልእክት መላኪያ ወይም ሳተላይት የሚይዝ ስልክ መያዝ ለዚህ ነው። የደረት ሕመም ያለበትን ሰውም «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት።

11. ቤት ስትገቡ

ሁለት ሦስት ቀን ሽንታችሁን ተመልከቱ። ፈካ ያለ ቢጫ ከሆነ ሞልታችኋል። እንደ ኮካ ኮላ ጠቁሮ፣ ጡንቻችሁ በጣም ከታመመ ግን ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊት ላይ ችግር እየፈጠረ ሊሆን ይችላል።

ማጣሪያውን በንጹህ ውሃ ወደ ኋላ ገፍታችሁ እጠቡና በደንብ አድርቁት። ከረጢቱን በሙቅ ውሃና በትንሽ ቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ ቱቦውን አውልቃችሁ አንጠልጥሉት። እርጥብ ከታሸገ ሻጋታ ያበቅላል፣ ለሚመጣው ወቅትም አይሆናችሁም።